አስራ አንድ ዓመት ዝም ብላ ያለፈችው፣ ስትናገር የወደቀችው መኪናችን

ለተከበሩ የተሽከርካሪዎች ዓመታዊ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ሁኔታ፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የወንበርዎን ምቾት እየጠየቅሁ፣ የደም ግፊትዎ ልከኛ፣ እንቅልፍዎ ጣፋጭ፣ የማኅተምዎ ቀለምም የማይደርቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በበኩሌ ጉልበቴን ትንሽ ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የታመመው የመሥሪያ ቤትዎን ደረጃ በአሥር ቀን ውስጥ አስራ ዘጠኝ ጊዜ ወጥቼ በመውረዴ ስለሆነ፣ ሐኪሜ ለዓመታት ለምኖኝ እምቢ ያልሁትን የሰውነት እንቅስቃሴ እርስዎ ሳይለምኑኝ ስላስጀመሩኝ አመሰግናለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሰው አቤቱታ ስቀበል፣ ስቆጥርና ስሰፋ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ጸሐፊ ነኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን የራሴን አቤቱታ ጽፌ አላውቅም ነበርና፣ ለዚህ ክብር ያበቁኝም እርስዎ ነዎት። ደብዳቤውን በአደባባይ የማወጣው እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ በዝግ ፖስታ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆነው ስላገኘኋቸው፣ ሦስተኛውን ብርጭቆ በማይቀመጥበት ቦታ ላኑረው ብዬ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና አለችን። ከአስራ አራት ዓመት በፊት ከአንድ የጥርስ ሐኪም ስንገዛት ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ራዲዮ አብሯት ነበር። ድምፅ ማጉያዎቹ ከፊት በሮቹ ግርጌ፣ ከቁርጭምጭሚታችን ትይዩ የተተከሉ ስለነበሩ፣ ራዲዮኑ ሦስት ዓመት ሙሉ ለጫማዎቻችን ሲዘፍን ኖረ። ከዚያ አንድ ቀን ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ አደረገና ዝም አለ። ዝም እንዳለም አስራ አንድ ዓመት ቆየ። በእነዚህ ዓመታት መኪናችን በየዓመቱ ግቢዎ እየመጣች ተመርምራ አልፋለች፤ በቅጹ ላይም «ራዲዮ፦ አለ» እየተባለ ሲሞላ ኖሯል። ይናገራል ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዘንድሮ በአስራ ሁለተኛው ዓመት ተናገረችና ወደቀች።

ለምን እንደተናገረች ልንገርዎት። ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት በክር ፋብሪካ ማሽን ስር የሠራች ሴት ናት። ጡረታ ስትወጣ ሽልማቷን ይዛ ጆሮዋን እዚያው ትታ ወጣች። ወፍራም ድምፅ ትሰማለች፣ ቀጭኑ ያመልጣታል፤ ስለዚህ ሰው እየተናገረ መሆኑን ታውቃለች፣ ምን እንዳለ ግን አታውቅም። ሆስፒታል የሰጣት መስሚያ እያፏጨ ስላስቸገራት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። አንዲት ልጅ አለችን፤ ሩቅ ከተማ አዋላጅ ነርስ ናት፣ በዓመት አንዴ ትመጣለች፣ በየቅዳሜው ትደውላለች። አራት ዓመት ሙሉ እናትና ልጅ የተነጋገሩት በእኔ በኩል ነበር። ልጅቱ ሩብ ሰዓት ስለ ሥራዋ፣ ስለ ቤት ኪራይዋ፣ ስለ አለቃዋ ጠባይ ያወራችውን ሁሉ እኔ ወደ ባለቤቴ ዞሬ «ደህና ናት» ብዬ እጨርሰዋለሁ። ባለቤቴ በዚህ ምክንያት የሰጠችኝ ስም አለ፤ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይሆንም።

ባለፈው እረፍቷ ልጃችን መጥታ ይህን አየችና፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮው» ብሎ ወደሚጠራው የመኪና ቴፕ ገጣሚ ይዛን ሄደች። ጆሮው የሞተውን ራዲዮ ነቅሎ ስልክ የሚቀበል አዲስ ገጠመ። ከበሮቹ ውስጥ የደረቁትን ድምፅ ማጉያዎች አውጥቶ ሌሎች ተከለ፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡትን ሁለት ትንንሾች ደግሞ ከፊት መስታወቱ ጥግና ጥግ፣ ከጆሮዋ ትይዩ ሰቀላቸው። ከዚያ ባለቤቴን ከፊት ወንበር አስቀመጠ፣ ልጄን ከጋራዡ ጀርባ ስልክ አስይዞ ቃል እያስነበበ፣ ባለቤቴ ሰማሁ ያለችውን በካርቶን ላይ ይጽፍ ጀመር። ወፍራሙን ዝቅ፣ ቀጭኑን ከፍ፣ እንደገና ዝቅ ሲያደርግ አረፈደ። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ልጅቱ «ሰሐን» አለች፣ ባለቤቴም «ሰሐን» አለች። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። አለቀስሁ፤ ጆሮውም የሚፈልገው መፍቻ የጠፋበት መስሎ ከመኪናዋ ስር ገባ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባለቤቴ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አዲሱን ሻርፕ ጣል አድርጋ ከደጃችን በቆመችው መኪና ውስጥ ትገባለች። እኛ የትም አንሄድም። ጎረቤት ግን ለባብሳ ሲያያት «በሰላም ግቡ» ይላል፤ እሷም «አሜን» ትላለች። ከዚያ እናትና ልጅ አንድ ሰዓት ያወራሉ። የልጄን አለቃ ጠባይ በዝርዝር የሰማሁት ገና በዚህ ዓመት ነው፤ መስኮቱ ክፍት ስለሚሆን የፊት ለፊቷ ልብስ ሰፊም ሰምታ በጣም አዝናለች።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ፤ ቁጥር የምሰጠው በልማድ ነው።

፩ኛ. መርማሪዎ ስላሳዩት ትጋት አመሰግናለሁ። ጎማዋን አንድ ጊዜ በእግራቸው መታ አድርገው ስለ ጎማ የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ ተረዱ፤ ፍሬኗን ከሩቅ አዩት። ራዲዮኑ ጋ ሲደርሱ ግን መነጽራቸውን አውጥተው «ከፋብሪካ ያልወጣ» ብለው ጻፉ። እውነታቸውን ነው። ይሁን እንጂ የግራ መስታወቷ ከሌላ ዓይነት መኪና የመጣ ነው፤ የወንበሯን ልብስ ባለቤቴ ከአሮጌ መጋረጃ ሰፍታዋለች፤ የኋላ በሯ የሚዘጋው በጫማ ማሰሪያ ነው። እነዚህ ሁሉ አልፈዋል። በዚህ ስሌት በመኪናዋ ውስጥ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ነገር ቢፈለግ፣ የሚገኘው ሠሪውም የረሳው የሲጋራ መተርኮሻው ብቻ ይመስለኛል።

፪ኛ. ስለ ሕጉ ግልጽነት አመሰግናለሁ። የወደቅሁበት ሰርኩላር በኮሪደርዎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ርዕሱ «ስለ ሳይረንና ተጨማሪ ጥሩምባ» ይላል። የመጀመሪያው ገጽ ተጨማሪ ድምፅ ሰጪ መሣሪያ መግጠም ይከለክላል። ሁለተኛው ገጽ «ፈጣንና ቀልጣፋ አገልግሎት መለያችን ነው» የሚል ትልቅ ፖስተር ተለጥፎበታል። የመዝገብ ቤት ሰው አንደኛውን ገጽ አይቶ አይመለስምና የፖስተሩን ጫፍ በጣቴ ገለጥ አድርጌ አነበብሁ። «ለተሳፋሪ መስሚያ የተገጠመ ራዲዮን አይመለከትም» ይላል። ይህን ለመርማሪዎ ስነግራቸው፣ የተሸፈነ ጽሑፍ እንደማይሠራበት አስረዱኝ፤ የጥበቃ ሠራተኛውም ማስታወቂያ በእጅ እንዳልነካ መከሩኝ። ሁለቱም በትሕትና ነው የተናገሩት።

፫ኛ. ስለ ንብረት አያያዛችሁ ደግሞ ምን ቃል እንዳለኝ አላውቅም። የፋብሪካውን ራዲዮ በአስራ አምስት ቀን ውስጥ መልሼ እንድገጥም በታዘዝሁ ማግሥት፣ ራዲዮኑ በእጅህ መኖሩን አሳይ ስለተባልሁ በፌስታል ይዤው መጣሁ። የበሩ ጥበቃ «አንድ አሮጌ ራዲዮ ከነሽቦው» ብለው መዘገቡት። መርማሪዎ አዩትና እስኪወሰን በግምጃ ቤት ይቆይ አሉ፤ ግምጃ ቤትም ተረክቦ ካርድ አወጣለት። በሦስተኛው ቀን ልወስደው ስል የመውጫ ወረቀት ተጠየቅሁ። ወረቀቱን የሚሰጠው ክፍል፣ የምንሰጠው ለመሥሪያ ቤቱ ንብረት እንጂ ለግል ዕቃ አይደለም አለኝ። ግምጃ ቤት፣ ካርድ የወጣለት ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው አለኝ። ይህንኑ ይዤ ወደ ክፍሉ ብመለስ፣ የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ለግለሰብ ምን ብለን እናወጣለን አሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ ክቡር ሆይ፤ እንዲህ ያማረ ነገር አላየሁም። በሁለት እጄ ላጨበጭብ ነበር፣ ባዶውን ፌስታል ይዤ ስለነበር ነው የተውሁት።

ራዲዮኑ አሁን በግምጃ ቤትዎ ሦስተኛ መደርደሪያ ላይ፣ ከተሰበረ ፋንና ከሁለት የግድግዳ ሰዓቶች መካከል ተቀምጧል። በመስኮት አየዋለሁ። ግምጃ ቤት ጠባቂዋ ደግ ሴት ናቸው፤ አቧራውን ወልውለውለታል። እኔ ከማልገባበት ቤት፣ እርስዎ ያዘዙኝን ዕቃ እርስዎ ይዘውብኝ፣ አምጣ እያሉኝ ነው።

፬ኛ. ቀነ ገደቡ እሑድ ያበቃል። ቦሎ የሌላት መኪና መንገድ ዳር ቆማ ከተገኘች ተጎትታ ትወሰዳለች፤ እኛ ደግሞ ግቢ የለንም፣ በራችን የሚከፈተው መንገድ ላይ ነው። ለዚህ ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ልተወው። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ከቢሮዎ ወጥተው በኮሪደሩ አሥር እርምጃ ይራመዱና የዚያን ፖስተር ጫፍ በራስዎ እጅ ገለጥ ያድርጉ። እርስዎን የሚመክር ጥበቃ የለም። ያነበቡትን ካመኑበት ቅጹ ላይ ይፈርሙልኝ፤ አሮጌውን ራዲዮ ለመታሰቢያ ትቼልዎት እሄዳለሁ።

ይህ የማይሆን ከሆነ ግን ነገ ቅዳሜ ነውና፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከደጃችን እንዲገኙልኝ በአክብሮት እጋብዝዎታለሁ። የኋላው ወንበር የእርስዎ ነው። ልጃችን ተናግራ እስክትጨርስ ይታገሱና፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እንደማትሰማት ለባለቤቴ እርስዎ ይንገሩልኝ። በዚያው በአዲሱ ራዲዮ ይንገሯት፤ አንድም ቃል አያመልጣትም። እኔ ትናንት ኩሽና ውስጥ፣ በሚሻለው ጆሮዋ በኩል ቆሜ ነግሬያት ነበር። ድስቱን እያማሰለች ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሳትሰማ ስትቀር እንዲህ ነው የምታደርገው። ደግሜ አልነገርኋትም።

ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ለሥልጣንዎ፣ ለፊርማዎና ለማኅተምዎ ያለኝን ወደር የለሽ አክብሮት እየገለጽሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የአንዲት ሰማያዊ መኪና ባለንብረትና የአንዲት ሴት ባል

ግልባጭ፦
ለፊት ለፊት ልብስ ሰፊያችን (ከመስኮት እንዳትሰማው ብዬ)

ማስታወሻ፦ ምርመራ የመጣን ዕለት ባለቤቴ አብራኝ ነበረች። በመጠበቂያ አዳራሽዎ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ተራ ቁጥር በተጣራ ቁጥር፣ ስልሳ የሚሆን ሰው በአንድ ጊዜ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን አለ? ስንት አለ?» እየተባባለ ይተያይ ነበር። ባለቤቴ ዙሪያዋን አይታ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ከሰው እኩል የሆንሁበት ቦታ አገኘሁ ብላ በጣም ደስ አላት። ጆሮው ይህን ስነግረው ያለ ምንም ክፍያ መጥቶ ሊያስተካክልልዎት ፈቃደኛ ሆኗል፤ የሚያሰጋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዲያው ያ ድምፅ ማጉያ ከፋብሪካ ሲወጣም እንዲሁ ከነበረ፣ ሰው እንዲሰማው ማድረግ ያስቀጣው እንደሆነ አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁት።