የፓቪያው ቤተ መንግሥት ሲፈርስ

ውድ ፊሎሜና፣

ለማንም እንዳትናገሪ፤ ሻንጣዬ ውስጥ የሰው በር እጀታ ደብቄአለሁ። አክስቴ ኤርሜሊንዳ እዚህ ፓቪያ የምትኖርበት የጋራ ሕንፃ አስተዳዳሪ ማክሰኞ አረፉ። ሰውዬው ግቢው መሃል ከበለሱ ዛፍ ሥር፣ የአክስቴ ወንበር በነበረበት ቦታ፣ የእንጨት ቢሮ ሠርተው ነበር። ነዋሪው አልቅሶ ቀበራቸውና ከቀብር መልስ ቢሮውን አፈረሰው። እኔም ባዶ እጄን መቆም ነውር መስሎኝ የበሩን እጀታ ወሰድኩ።

ዛሬ አዲሱ አስተዳዳሪ ሲኞር ጋላርዲ መጡ። "ቢሮዬን ማን ነው ያፈረሰው?"

"የእርስዎን? ኧረ በስመ አብ!" አለች አክስቴ። "ሲፈርስ እኚያ ሞተዋል፣ እርስዎ ገና አልተሾሙም። ታዲያ የማን ቢሮ ነው?"

ይህን መልስ እሷ የፈጠረችው እንዳይመስልሽ! የዛሬ ሺህ ዓመት የፓቪያ ሰዎች ንጉሣቸው ሲሞት ቤተ መንግሥቱን አፍርሰው፣ ተተኪውን በዚሁ ቃል ነው የተቀበሉት። ጎቱ፣ ሎምባርዱ፣ ፍራንኩ፣ ጀርመኑ፣ ናፖሊዮን፣ የሳቮያ ነገሥታት፣ ሁሉም እዚህ "ለዘላለም" ነግሠው ሄዱ፤ ይህ ሰበብ ግን እስከ ዛሬ አለ። እኛ የናፖሊ ምስኪኖች ንጉሥ ሲሄድ፣ ምናልባት ይመለስ ይሆናል ብለን ሥዕሉን ምድር ቤት እናስቀምጣለን።

ጋላርዲ ቢሮው እንደገና ይሠራ ብለው ለቅዳሜ ስብሰባ ጠርተዋል። አክስቴ ወንበሯን በለሱ ሥር መልሳ፣ "የሚያስነሳኝን አያለሁ" እያለች ተቀምጣለች።

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ እናትሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፣ ያን ሰነፍ ወንድምሽንም። ስለ እጀታው ከጠየቁኝ "የናፖሊ ሰው ነኝ፣ የእኛ መንግሥት ሌላ ነበር" እላለሁ። አዋጥቶኝ እንደሆነ እሑድ ጠዋት እጽፍልሻለሁ።

ያንቺው አሱንታ