ስለ ገጠማችሁልኝ ስክሪን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ልዑልቃል
የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ምዝገባና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቦንጋ

ጉዳዩ፦ በግል ኮምፒውተሬ ላይ ሳልጠይቅ ስለ ተደረገልኝ መሻሻል ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በሥርዎ ለሚገኙ ባልደረቦች በሙሉ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ዝናብ በማይለየው በዚህ አገራችን ጉንፋን እንዳያገኝዎ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራዎ እንዳይስተጓጎል፣ ወንበርዎም እንዳይነቃነቅ ከልብ እመኝልዎታለሁ። የእኔን ጤና ለመጠየቅ አስበው ከሆነ፣ ከንዴት በቀር ምንም አልሆንኩም።

ኢያሱ ገብረሚካኤል እባላለሁ፤ እዚሁ ቦንጋ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተማሪ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነኝ። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ ብዬ አይደለም፤ ያሰማሯቸው የኮሚቴ አባላት መምህራን ክፍል ድረስ መጥተው፣ አጠገቤ ቆመው፣ ነጩን በትሬን ከመንገዳቸው ዞር አድርገው ካለፉ በኋላ በሪፖርታቸው ሳያሰፍሩት የቀሩት ነገር ይህ በመሆኑ፣ መዝገባችሁ ጎዶሎ እንዳይሆን ብዬ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎ። እኔ የምጽፈው በብሬል ነው፤ ብሬል የሚያነብ ጸሐፊ ደግሞ ትምህርት ቤታችን የለውም። ስለዚህ ለዓመታት ፈተና የማወጣው ጥያቄውን በቃሌ እየተናገርኩ፣ አንዱ እየጻፈልኝ፣ ሌላው እየተየበልኝ ነበር። አምና ፈተናው ተማሪዎች ለመፈተን ከመቀመጣቸው በፊት በየስልካቸው ላይ ተገኘ። በማን እጅ እንደ ሾለከ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ማስጠንቀቂያው ግን ስሙ ከፈተናው ራስጌ ለተጻፈው ሰው፣ ማለትም ለእኔ ደረሰኝ። ሁለተኛ ቢደገም ከክፍል እንደምነሳ በግልጽ ተነገረኝ። ያንንም ማስጠንቀቂያ ያነበበልኝ ሌላ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ገበያው ዳር ሞባይልና ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ወደ ወዳጄ ኸይረዲን ሱቅ ገብቼ፣ የሚያነብልኝ፣ ማንም ደግሞ ከሩቅ ሊዘጋብኝ የማይችል ኮምፒውተር እንሥራ ያልኩት። ቀደም ሲል በተዋስኩት ላፕቶፕ ላይ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነበር፤ የአንድ ተማሪን አቤቱታ እያነበበልኝ ሳለ የሙከራ ጊዜህ አልቋል ብሎ መሃል ላይ ዝም አለ። ያን ቀን ነው ዳግመኛ ሰው ቆልፎት በሚሄድ ነገር ላይ አልመካም ብዬ የማልኩት።

ነጻ ሶፍትዌር የሚባለው፣ ክቡር ሆይ፣ ማንም ሰው ከፍቶ የሚያየው፣ የሚያርመው፣ አባዝቶ ለሌላ የሚሰጠው፣ ይህንንም እንዲያደርግ ሠሪዎቹ ራሳቸው በጽሑፍ የፈቀዱለት ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ ከሚነሳው ፕሮግራም ጀምሮ ከዚህ ውጭ የሆነ አንድም ነገር እንዳይገባበት አልኩ። ኸይረዲን ግትርነቴ ቢያሰለቸውም አልተወኝም። መጀመሪያ የገጠምነው የዋይፋይ ካርድ አምራቹ የዘጋውን ፕሮግራም ካልጫንን የማይሠራ ሆኖ ሲገኝ አውጥተን፣ ሺሺንዳ ከተማ ያለ ከሚል የሚባል ነጋዴ ከጣለው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ አስፈትተን በሚኒባስ አስመጣን። ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርዱን በጣቶቼ ዳብሼ የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ቦታውን ሲይዝ ቀጭ ያለ ጊዜ ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ በደስታ ሳቀ። ስክሪን አልገዛሁም፤ ምን ይሠራልኛል?

ድምፁ መጀመሪያ ላይ አማርኛን የሚያነበው ትናንት አገር እንደ ገባ እንግዳ ነበር። ከዋጫና ከቢታ ገነት የመጡ ተማሪዎቼን ስም ሲጠራማ አንጀቴ ነበር የሚቃጠለው። ነገር ግን ሁሉም ክፍት ስለ ሆነ ኸይረዲንና እኔ የአነባበቡን ፋይል ከፍተን በየቃሉ አረምነው፤ የአካባቢያችንን ቋንቋ ካፊኖኖንም ልናስተምረው ጀማምረን ነበር። የዘንድሮውን የመጀመሪያ መንፈቅ ፈተና ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ራሴ ጻፍኩ፣ ራሴ አዳመጥኩ፣ ራሴ አረምኩ፣ ወደ ማባዣ ክፍልም ራሴ ይዤው ሄድኩ። አልሾለከም። በመምህርነት ባሳለፍኩት ዘመን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጽሕፈት ቤትዎ በትምህርት ቤት ግቢ ያለ ማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ፣ የግልም ይሁን የመንግሥት፣ ይመዝገብ ብሎ ኮሚቴውን የላከው ይሄኔ ነው። አባላቱ ስክሪን የሌለው፣ ቁልፍ በነኩት ቁጥር የሚያወራ ኮምፒውተር ጠረጴዛዬ ላይ አገኙና ደነገጡ። የኮሚቴው ሰብሳቢም አጠገቤ ወደ ተቀመጠችው ባልደረባዬ፣ ወደ ሒሳብ መምህርቷ በዛወርቅ ዞረው፣ እኔ እዚያው እያለሁ፣ “እሱ ምን ያደርግበታል?” ብለው ጠየቋት። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አልፈዋል። ኮምፒውተሬ ያልተሟላና ምንጩ ያልታወቀ ተብሎ ተወሰደ፤ ቆይቶ ደግሞ ተሟልቶ ተመለሰልኝ። እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

1ኛ. ስለ ስክሪኑ። ሰፊ ነው፣ ያማረም ነው ይሉኛል። ለዓይነ ስውር ሰው ስክሪን ገጥሞ ድምፁን የሚያጠፋበት ጽሕፈት ቤት ሌላ አገር ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እኛ ግን አለን። ጠፍቶ በሚውልበት ሰዓት ባልደረቦቼ ወደ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ፀጉራቸውን ያስተካክሉበታል፤ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ።

2ኛ. ስለ ሕጋዊነቱ። የሶፍትዌሩን የግዢ ደረሰኝ አምጣ ተባልኩ። አልተገዛም፣ ሠሪዎቹ ለሁሉ የሰጡት ነው፣ ፈቃዱም ይኸው ብዬ ኸይረዲን ያተመልኝን አቀረብኩ። የእርስዎ ባለሙያ ግን ደረሰኝ የሌለው ነገር የተሰረቀ ነው ብሎ ደመደመ። ከዚያም ያንን ከነድምፁ አጥፍቶ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የለመዳችሁትን፣ በሽያጭ ብቻ የሚገኘውን ሲስተም ከራሱ ፍላሽ ላይ ጫነልኝ። ይሄኛውስ ደረሰኝ ነበረው ወይ? ስክሪኑ ጥግ ላይ ይህ ቅጂ ሕጋዊ አይደለም የሚል ጽሑፍ ተገትሮ እንደሚውል በዛወርቅ አንብባልኛለች፤ ባለሙያውም ቅጂው ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ መሆኑን ከኸይረዲን አልደበቀም፣ እንዲያውም ውለታ እንደ ዋለልኝ አድርጎ ነው የነገረው። የተፈቀደልኝን ሌባ ብላችሁ አባርራችሁ፣ የተሰረቀውን በማኅተም አስገባችሁልኝ። ይህ ዓይን ያወጣ ድፍረት ነው፤ ይህን አባባል ከእኔ ይበልጥ ሊጠቀምበት መብት ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

3ኛ. ስለ ጽዳቱ። ዲስኩ ሲጸዳ የትምህርት ማስታወሻዎቼ፣ ለሁለተኛው መንፈቅ ያዘጋጀኋቸው ጥያቄዎችና ያረምነው አነባበብ ሁሉ አብረው ጸድተዋል። ቅጂ አላስቀመጥክም ወይ ይሉ ይሆናል። አስቀምጬ ነበር፤ ቅጂው ያለበት ፍላሽ ግን ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ተሰካ ተወስዶ፣ እሱም ለጥንቃቄ ተብሎ ፎርማት ተደርጎ ነው እጄ የገባው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሕይወቴ ገጥሞኝ አያውቅም።

4ኛ. ስለ ማኅተሙ። ያለ ፈቃድ መክፈትም ሆነ መጫን ክልክል ነው የሚል ወረቀት በጎኑ ተለጥፏል አሉ።

5ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩን ተውኩት። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። የጠፋውን ኸይረዲን በአንድ ከሰዓት መልሶ ይጭንልኝ ነበር፤ የእናንተን ማኅተም ከነካ ግን ሱቁ እንደሚታሸግ ተነግሮታል፣ ልጆች አሉት። ፈቃድ ለመጠየቅ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ በጭቃው ተጉዤ ብመጣ፣ ቅጽ ሞልተህ ና ተባልኩ። ቅጽ የሚሞላልኝ ሰው ለምኜ አስሞላሁ። ሶፍትዌሩ የተገዛበት ዋጋ የሚለው ቦታ ላይ “ምንም” ብዬ ስላስጻፍኩ፣ ያለ ዋጋ ንብረት አይመዘገብም፣ ያልተመዘገበ ደግሞ አይፈቀድም ተብዬ ተመለስኩ። ዋጋ ፈጥሬ ልዋሽ ብል ኖሮ ይኼኔ ተፈቅዶልኝ ነበር።

ተማሪዎቼን ስለ ንብረት መብት ሳስተምር ከአካባቢያችን ምሳሌ አጥቼ እቸገር ነበር፤ ስለ ሰጣችሁኝ ምሳሌ ትምህርት ክፍላችን ባለውለታችሁ ነው። ነገር ግን የሁለተኛው መንፈቅ ማጠቃለያ ፈተና ደርሷል። ጥያቄዎቹ እንደገና ከእኔ አፍ ወደ ሌላ ሰው እጅ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ማሽን ሊሄዱ ነው። ከሾለኩ ከክፍል የምነሳው እኔ ነኝ፤ መተዳደሪያዬም፣ የማውቀው ሥራም፣ የምወደውም ማስተማር ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ጠላት ቢሆን ባልገረመኝ፤ ያመጣብኝ እኔን ሊያሟላ የተነሳ ኮሚቴ ነው።

ሰብሳቢው መልሱን ሳይጠብቁ ላለፉት ጥያቄም እነሆ መልስ። “እሱ” በዚያ ኮምፒውተር ማንም ሳያየው ፈተና ያወጣበታል። የተጻፈበትን ማስጠንቀቂያ ሰው ፊት ሳይሳቀቅ ብቻውን ያነብበታል። ልጁ ሃሌሉያ ከዩኒቨርሲቲ፣ አባዬ ይህ ለአንተ ብቻ ነው ብላ የምትልክለትን መልእክት እውነትም ለእሱ ብቻ ሆኖ ይሰማበታል። ከእናንተ ስክሪን ወዲህ የላከችው ሳይነበብ ተቀምጧል፤ ለማን ላስነብበው?

ስለዚህ ስጦታችሁን በክብር ተረከቡኝ፣ ማኅተማችሁን አንሱልኝ፣ ከኮምፒውተሬም ላይ እጃችሁን አንሱ። ሌላ የምጠይቀው የለም፤ ይቅርታ እንኳ ቢሆን ደረሰኝ ስለማይኖረው መዝገባችሁን እንዳያበላሽ እሰጋለሁ።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለጫኑልኝ ሲስተም፣ በተለይም ለማላየው ስክሪን ያለኝን የማይለካ አክብሮት እየገለጽኩ፣ በደጅዎ ለመቆም እንጂ ለመሰማት ያልታደልኩት አገልጋይዎ እጅ እነሳለሁ።

ኢያሱ ገብረሚካኤል
የዜግነት ትምህርት መምህር

ግልባጭ፦
ለኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ከእንግዲህ ስለ ሰው የሚጠይቁትን ሰውየውን እንዲጠይቁት፤
ለኸይረዲን ሱቅ፣ በሩ ላይ እንዲለጠፍ።

ከፊርማ በኋላ የታሰበ፦ ይህን ደብዳቤ እኔ በቃሌ እየተናገርኩ የተየበችው ባልደረባዬ በዛወርቅ ናት። እሷ ጨዋ ሰው ናት፤ ጠንከር ያለ ቃል በተናገርኩ ቁጥር ኪቦርዱ ለአፍታ ዝም ሲል ሰምቻለሁ። ያልኩትን ሁሉ መጻፏን ማረጋገጥ የምችልበት መንገድ ስለሌለ፣ እዚህ ውስጥ ትሕትና ካገኙ የእሷ ነው፣ እኔን እንዳያመሰግኑኝ። የሚቀጥለው ፈተናም የሚጻፈው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከሾለከ ማስጠንቀቂያው በማን ስም መውጣት እንዳለበት አሁን ያውቁታል።