ጉም ያልከው ጭስ

አባዬ፣ የኔ ሆደ ቡቡ፣

እንዴት ሰነበትክ ልልህ ነበር፤ እጄ ለምዶት። ከተለየኸን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ተዝካርህን አውጥተናል፣ ሙት ዓመትህንም ሳናጓድል አስበናል፤ ደብዳቤ ስጽፍልህ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የዘገየሁት ረስቼህ አይደለም። የምነግርህ ነገር የሚያስከፋህ ስለሆነ ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ዛሬ ልወቅስህ ነው የተቀመጥኩት። ዘመዱ ሁሉ አባትሽን አንቱ በይ እያለ ሲቆጣኝ፣ ተዉአት፣ አንተ ስትለኝ ነው ልጄ የምትመስለኝ ያልከው ራስህ ነህ። እንግዲህ አንተ እያልኩ ስወቅስህም ቻለኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷም ያው ነው፣ አፏም ያው ነው። ኮትህን ከበሩ ኋላ ካለው ሚስማር ላይ አላነሳችውም፤ በየሳምንቱ አቧራውን አራግፋ መልሳ ትሰቅለዋለች። ያ ታናሽ ወንድሜ ሰለሞን አግብቷል፣ ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳለች፣ አምስት ወር ሞላት። ግንባሯ ያንተ ነው፤ ሌላው ከየት እንደመጣ እንጃ።

እኔ ደግሞ የእረፍት ቀን ሥራህን ወርሻለሁ። ቅዳሜና እሑድ ከአዳማ በሚኒባስ የሚመጡትን ጎብኚዎች እየመራሁ ሽቅብ እወጣለሁ። አንተ በምትለው ቃል ነው የማስጎበኛቸው። ጣልያን ድንጋይ አስጠርቦ የሠራውን መንገድ አሳያለሁ፣ የፈረሰውን ምሽግ፣ የሽኮኮዎቹን ገደል፣ ሴቶች ጉልበታቸውን የሚዘፈዝፉበትን ፍል ውሃ። ከጫፉ ላይ ሆነው ቆላውን ቁልቁል ሲያዩት ቆቃ ሐይቅ ከሩቅ ያበራል፣ በዚያኛው በኩል የአዳማ የነፋስ መዘውሮች ይሽከረከራሉ። ቀልዶችህንም አልተውኩም። ይህን መንገድ ጣልያን ሠራው፣ የሚጠግነው ግን እስካሁን አልተገኘም ስላቸው ይስቃሉ።

መጨረሻ ላይ ጉም ሜዳ እንደርሳለን። በጥር ሙሽሮች ለፎቶ የሚጋፉበት ያ ሜዳ። ነጩ ነገር ከሣሩ መሐል ቀስ እያለ ይነሣል፣ የሙሽራዋን ቬሎ ይከበዋል፣ ካሜራ ያነሣው ሁሉ ይሯሯጣል። እኔም እጄን ዘርግቼ፣ ከተማችን የምትጠራበት ጉም ይኸውላችሁ እላለሁ። ውሸቴን ነው። ውሸትህን ነው፣ አባዬ።

የመንገድ ዳሩን ሰሌዳ የጻፍክበትን ቀን አልረሳሁም። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሰለሞን ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። የአማርኛ አስተማሪ ስለሆንክ ጽሑፉ ያምርለታል ብለው የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ለአንተ ሰጡህ። ጎረቤታችን ኦቦ ጉተማ ከዘራቸውን ተደግፈው በራችን ላይ ቆሙ። አካም ነጋ ተባብላችሁ ሳትጨርሱ ወደ ነገራቸው ገቡ። ተራራው በአባቶቻቸው አፍ ቱሉ አራ እንደሚባል፣ አራ ማለት በኦሮምኛ ጭስ እንደሆነ፣ ቁጣም ከዚያው ቃል እንደሚወጣ ነገሩህ። አያታቸው ከብት እንኳን እዚያ ሜዳ ላይ አያሳድሩም ነበር አሉህ።

አንተ ሳቅህን ዋጥክ። እውነትህን ነው፣ እሳቸው ሲሉት ለስለስ ይላል፤ በፊደላችን ሲጻፍ ግን ምን ሆኖ እንደሚነበብ ለአማርኛ አስተማሪ አይነገረውም። ያን ቃል በትልቁ ጽፈህ ከመንገድ ዳር ብትተክለው የሚኒባስ ረዳት ሁሉ መሳቂያ ያደርገን ነበር። እራት ላይ ለእማዬ ስትነግራት ሁላችንም እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ «ወደ ጉም ተራራ እንኳን ደህና መጡ» የሚል ተጽፎ ነበር። ኦቦ ጉተማ እስኪሞቱ ድረስ በዚያ ባለፉ ቁጥር ሰሌዳውን በከዘራቸው ነካ አድርገው፣ አንገታቸውን ነቅንቀው ነበር የሚያልፉት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ማለት ትወድ ነበር። የኛን መልአኩ ካወጣው በኋላ አንተ እንደ ተማሪ ድርሰት አረምከው።

ሰውም ስሙን ወደደው። ጉም ካፌ ተከፈተ፣ ጉም ፔንሲዮን ተከፈተ፣ የሰዉ ቤትም ከዓመት ዓመት ወደ ሜዳው ተጠጋ። ጭስ ሜዳ ቢባል ማን ይሠራበት ነበር? ከጉም ግን የሚሸሽ የለም።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ነገሩ ሌላ ሆኗል። ሽኮኮዎቹ ከገደሉ ጠፍተዋል፤ መጀመሪያ ለጊዜው የሸሹ መስሎኝ ነበር፣ አንድም አልተመለሰም። ፍል ውሃው እግር አያስገባም፤ ሴቶቹ በጆግ እየቀዱ አቀዝቅዘው ነው የሚታጠቡበት። አንተ በአንድ እርምጃ ትሻገረው የነበረው ስንጥቅ ላይ ሳንቃ ጥለንበታል፣ ሳንቃውንም ሁለት ጊዜ በረዘመ ቀይረነዋል። የመለኪያ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው አንድ ነገር ቀብረው ሄዱ፤ ምን እንዳገኙ የነገረን የለም። መሬቱ አልፎ አልፎ ይነቃነቃል። በፊት ብርጭቆው ከመደርደሪያው ላይ ሲንጫጫ ሰዉ እግዚኦ ይል ነበር፤ አሁን ወሬውን እንኳን አያቋርጥም። እኔን ከመንቀጥቀጡ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይኸው መልመዳችን ነው።

ሰለሞን እዚያ ላይ ቤት ሠራ። አንተ በተመራኸው ቦታ፣ ከጉም ሜዳው አናት ላይ። አራት ክፍሎች ናቸው፤ ሦስቱ ለእንግዳ፣ አንዱ ለእሱ፣ ለሚስቱና ለልጁ። ወለሉ ሁልጊዜ ሙቅ ነው፣ ልጄን ብርድ አይነካትም እያለ ይኩራራብኛል። ሄጄ ነገርኩት። ሰሌዳውን፣ ኦቦ ጉተማ ያሉትን፣ እኛ የሳቅነውን፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። አባቴ ውሸታም ነው የምትይኝ፣ አፈር የተጫነውን ሰው ታሚያለሽ አለኝ። ደግሞስ አንቺ ራስሽ በየሳምንቱ ጉም እያልሽ አይደል የምታስጎበኚው አለኝ። ተዋርጄ ወረድኩ።

ዝም ግን አላልኩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለጎብኚዎቹ እውነተኛውን ስም ነገርኳቸው። ሳቁ፣ እስኪበቃቸው ሳቁ፤ ጠበቅኳቸው። ከዚያ ትርጉሙን ነገርኳቸው። አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ሰብስባ ፎቶ ሳትነሣ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ማታውን የካፌው ባለቤት መጥቶ እንጀራችንን ልትዘጊብን ነው ወይ ብሎ ጮኸብኝ።

የሰለሞን ቤት ምርቃት ያለፈው እሑድ ነበር። እማዬ ጉልበቷ እየቆረጠማት ወጣች። ይህን ሁሉ ስነግራት ከርሜ አንድ ቀን እንኳን አባትሽ ተሳስቷል ብላኝ አታውቅም። ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ አለችና መዳፏን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈች። ብዙ ቆየች። ተነሥታ ልጅቷን ከእናቷ እቅፍ ወሰደች፣ በነጠላዋ ሸፈነቻትና ወጣች። የሰለሞን ሚስት ደንግጣ ተከተለቻት። እንግዳው ጠላውን እንደያዘ ቀረ። ቁልቁል ስንወርድ እማዬ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፦ «ያን ቀን እኔም ስቄያለሁ።»

ልጅቷና እናቷ ይኸው ከእኛ ጋር ናቸው። ሰለሞን ግን አልወረደም። በሰው ፊት አዋረዳችሁኝ ብሎ ተቀይሟል፤ ሁለት በር መግጠም ይቀረኛል ይላል። እልኸኝነቱን ከማን እንደወረሰ አትጠይቀኝ። በየጠዋቱ እደውልለታለሁ፣ ደህና ነኝ ብሎ ይዘጋብኛል።

እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጬ ደወልኩለት። አነሣ። ትንሽ ያስለዋል። ግቢው ጉም ስለሆነ አጥሩ አልታይ ብሎኛል፣ ሲገለጥ እደውልልሻለሁ አለኝ። ደጅ ወጥቼ ቀና አልኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐይዋ ግንባር ትበሳለች። ጥር ላይ በዚህ አገር ውርጭ እንጂ ጉም የለም። መልሼ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሣም።

አባዬ፣ አልረሳህም። ቀልድህን፣ መንገዱን የምታሳይበትን እጅህን፣ ስትስቅ የምታነባውን ዓይንህን፣ እንዲሁም ጥፋትህን አንድ ላይ ይዤ ነው የማስብህ፤ መልካሙን ብቻ ልለይ ብል አልችልበትም። እንደወደድኩህ አለሁ። እማዬ ጫማዬን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ልጅህን ላወርደው ልወጣ ነው።