የሁለቱ መሪዎች ኮት

ከዓይኔ ብትርቅ ከልቤ የማትርቅ ልጄ፣ በሄድክበት ሁሉ ፊትህ ይብራልህ፤ ክፉ አይይህ። እኛ ደህና ነን፤ ወገቤ ብቻ አልፎ አልፎ ይነጫነጫል።

ላውንደሪው ሥራ አላጣም። ሰሞኑን ዓይንና ናጫ የሆኑት የሁለቱ ፓርቲ መሪዎች ለክርክሩ የሚለብሱትን ኮት እንድተኩስ ላኩልኝ። ሁለቱም ጥቁር ሰማያዊ። በእንፋሎቱ መሃል ጎን ለጎን ተሰቅለው እጅጌያቸው ሲነካካ እያየሁ፣ ሕልም ላይ እንዳለ ሰው ፈዝዤ ቀረሁ። ለካ ለሾፌሮቻቸው አቀያይሬ ሰጥቼ ኖሯል!

ማታ በቴሌቪዥን አንዱ የሌላውን ኮት ለብሶ ሲሞላለጩ አየሁ። ልክክ ብሎላቸዋል! የአንደኛውን ኮት ኪስ የጠቀምኩበት ክር ባይታየኝ እኔም አልለየውም ነበር።

አባትህ፣ «ዝም በይ አንቺ ሴትዮ፣ ጉድ ይፈላል!» አለኝ። እስካሁን መጥቶ የጠየቀኝ የለም።

ወንድምህ በፖለቲካ ከተኳረፋችሁ ወዲህ ያንተ መሪ ብቅ ሲል ቴሌቪዥኑን ይዘጋል። ጠዋት ሲበርደው ግን ትተኸው የሄድከውን ኮት ደርቦ ይወጣል። እንዳልነገርኩህ ሁን።

ሁለታችሁን ባንድ ጣራ ሥር ለማየት ያብቃኝ። እስቲ ደውልለት የኔ ልጅ። ምርጫውን ሳታነሳ፣ ኮቱ ይሞቀው እንደሆነ ብቻ ጠይቀው።

እናትህ