ርዕሰ መምህር የሆንኩበት ቀን

መቱ፣ ታኅሣሥ 9

ውድ እህቴ ዘህራ፣

ቡሬ ከገባሽ ሦስት ወር ሊሞላ ነው። ሁለት ጊዜ ደውሎ ዝም ያለብሽ ሰው እኔ ነኝ። በአፌ የማይወጣልኝን በጽሑፍ እንደምችል ታውቂያለሽ፤ የቀን ማስታወሻዬን እየሰረቅሽ ታነቢ የነበርሽው አንቺ ነሽና።

መስከረም ላይ "ጋሼ፣ ወይ ሐምዲያን ትምህርት ቤት አስገባት፣ ወይ እኔ እሄዳለሁ" ስትዪኝ ያልኩሽን አልረሳሁም። ክፍሉ ሞልቷል አልኩ። ልጆች ይስቁባታል አልኩ። ብትጠፋስ፣ ለእሷው ደህንነት ነው አልኩ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ አሥር ዓመት ሙሉ ያሳደግሻትን ልጅ ደህንነት ላንቺ ላስተምርሽ ቃጣሁ።

ከሄድሽ በኋላ የማስቀምጥበት ሳጣ ሱቄ ይዣት መውረድ ጀመርኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ነበር የምትቀመጠው። አንድ ቀን ዳናዊት የምትባል ሴት ሳሙና ልትገዛ መጥታ በመጋረጃው ሥር የሐምዲያን እግር አየች።

"ማናት?"

"የዘመድ ልጅ ናት" አልኳት።

ይህንንም እወቂው፤ የገዛ ልጄን የዘመድ ልጅ ብያለሁ። ዳናዊት የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ቤተሰቦች የሦስት ቀን ሥልጠና እንደምትሰጥ ነገረችኝና "እንግዲህ ለዘመድዎ ይንገሯቸው" ብላ ሳሙናዋን ይዛ ወጣች።

የሄድኩት ልማር ብዬ አይደለም። ልጆቹን ተረክቦ የሚይዝ ድርጅት ያለ መስሎኝ ነው። እነ ዳናዊት ግን ሁለት ቀን ሙሉ አንድን ሥራ በትንንሹ ከፋፍሎ ማስለመድን አስተማሩን። አሁን ሐምዲያ ሹራቧን ራሷ ትለብሳለች። ብዙውን ጊዜ የፊቱን ወደ ኋላ አዙራ ነው፤ ቢሆንም ራሷ።

ሦስተኛው ቀን መብት እንዴት እንደሚጠየቅ የምንለማመድበት ነበር። ዳናዊት ጠረጴዛ አስቀመጠችና "ጋሼ ሻፊ ርዕሰ መምህር ይሁኑ። ዋጋ ቀንሱልኝ ስላቸው እንዴት እንደሚመልሱኝ አውቃለሁ" አለች። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ቀልዱን ወደድኩትና ተቀመጥኩ።

ወላጆች በየተራ መጡ፤ ሁሉንም ባዶ እጃቸውን መለስኳቸው። አንዷ አለቀሰች፤ አጽናንቼ መለስኳት። መጨረሻ ላይ ከኖፓ የመጡት እትዬ በየነች ቀረቡ።

"ልጄን ፋኦልን ላስመዘግብ ነው።"

"ክፍሉ ሞልቷል።"

"ቆሞ ይማራል።"

"ልጆች ይስቁበታል።"

"እሱስ ሰፈርም ይስቁበታል። ሰፈር ግን ፊደል የለም።"

"ቢጠፋስ? ለእሱው ደህንነት እኮ ነው፣ እትዬ።"

"ማሎ፣ ኦቦ ሻፊ!" አሉ በኦሮምኛ፣ እንደሚለምን ሰው እጃቸውን ዘርግተው። "እውነቱን ይንገሩኝ። የሚፈሩት ለእሱ ነው ወይስ ለራስዎ?"

ዘህራ፣ ያን ጊዜ የተናገርኳቸው ቃላት ከየት እንደመጡ ገባኝ። ላንቺ ያልኳቸው ናቸው፤ አንድም አልጨመርኩባቸው። ከወንበሩ ተነሳሁ። ሰዎቹ ጥሩ ተጫወተ ብለው አጨበጨቡልኝ። ያን ዕለት ማስታወሻዬ ላይ የሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "ሰው አየኝ ብዬ ለራሴ ነው የፈራሁት።"

በሳምንቱ አምስት ወላጆች ሆነን እውነተኛው ርዕሰ መምህር ዘንድ ሄድን። ገና ሳንቀመጥ "ክፍሉ ሞልቷል" አለን። እትዬ በየነች በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። ቀጥሎ "ልጆች ይስቁባቸዋል" አለ። ሦስተኛውን ሳይናገር እኔ ቀደምኩት።

"ቢጠፉስ ሊሉን ነው። እኔም ይህን ስል ኖሬያለሁ። ሱቄ ውስጥ ደንበኛ አይሆንም ካለኝ የፈራው ነገር አለ ማለት ነው። እርስዎ የፈሩት ምንድን ነው?"

ክፉ ሰው አይደለም። "መምህሯ አንዲት ናት" አለ። "አንዱን መጸዳጃ ቤት ስትወስድ ሌሎቹን ማን ይይዛቸዋል? አንዱ ቢጎዳ የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

ዳናዊት ያስጠናችንን የሕጉን ቃል ነገርነው፤ መማር መብታቸው እንደሆነ። ከዚያ ግን የፈራውን ተካፈልነው፤ በየቀኑ አንድ ወላጅ ክፍል ውስጥ መምህሯን እያገዘ ይውላል። የእኔ ተራ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሱቁ ዝግ ነው፤ ደንበኞቼ ቅር ቢላቸውም ለምደውታል።

ሁሉም ነገር አማረ አልልሽም። ሐምዲያ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ቀን አለቀሰች፣ አንድ ቀን መምህሯን ነከሰች። አሁን ግን ጠዋት ገና ቁርስ ሳልበላ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ሰው "ይቺ ማናት?" ሲለኝ "ልጄ ናት" እላለሁ፤ እስካሁን ምንም አልሆንኩም።

የተፈቀደልን ለሙከራ ነው። ጥር 22 ርዕሰ መምህሩ ወላጆችን ሰብስቦ ልጆቹ ይቀጥሉ አይቀጥሉ ይወስናል። እያንዳንዱ ልጅ ምን እንደነበረና ምን እንደሆነ የሚመሰክር ሰው ይፈልጋል። ስለ ሐምዲያ ያንን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ የማውቃት ሦስት ወር ነው።

ቤቴን እንድትይዢልኝ አይደለም የምለምንሽ፤ ያ ያንቺ ውሳኔ ነው። ብቻ ለዚያ ቀን ነይ። መመዝገቢያ ቅጹ ላይ ከአባት ስም ቀጥሎ "አሳዳጊ" የሚል መስመር አለ። ሳላስፈቅድሽ ያንቺን ስም ጻፍኩበት። ጸሐፊዋ አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ እያሳየች "በወንድም ፊርማ አይሆንም፣ ራሷ መጥታ ትፈርም" ብላኛለች።

አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ ሻፊ