ለሉሉ የተላከ ሚዶ

ለእህቴ ለሱዓድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። ከከሚሴ እስከ ጅዳ ያለውን በረሃና ባሕር የሚያህል ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ትበያለሽ? አሠሪዎችሽ እንቅልፍስ ይሰጡሻል? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ስል እማ ጉልበቷን ከማመሙ፣ እኔም ከመቅናቴ በስተቀር ማለቴ ነው።

አዎ፣ ቀንቻለሁ። በድምፅ ብልክልሽ ከአነጋገሬ ታውቂብኛለሽ ብዬ ነው የጎረቤታችን የሰዒዳ ልጅ ጀሚል ወደዚያ ሲመለስ በወረቀት የጻፍኩልሽ። ይኸው በወረቀትም መደበቅ አቃተኝ።

በኢሞ የላክሽውን መልእክት ሦስቴ ሰማሁት። የማዳምሽ ድመት ሉሉ ጸጉሯ በብብቷና በሆዷ ሥር ተቋጥሯል፤ ማበጠሪያ ስታይ ትቧጭራለች፤ ካንቺ በቀር ማንንም አታስጠጋም። ስለዚህ ማዳም «አንቺ ከሄድሽ ማን ይይዛታል?» ብላ የዐረፋን ፈቃድ ከለከለችሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቅንሽን ሰዎች ድመት በለጠችን! አንድ ቀን ከሶላት በኋላ፣ ያቺ ድመት በር ተከፍቶላት ትጥፋ ብዬ ዱዓ ላደርግ እጄን ከዘረጋሁ በኋላ አስተግፊሩላህ ብዬ መለስኩት። እሷ ምን አጠፋች?

የባሰብኝ ግን የእማ ነው። በረመዳን ‹ለዐረፋ እመጣለሁ› ያልሻት ጊዜ እኔ የሠራሁላትን ሹሩባ በገዛ እጇ ፈታችው። «ከእንግዲህ ኢንተላ ኮ፣ ሱዓድ ልጄ፣ መጥታ ትሠራኛለች» አለች። ሁለት ወር ሊሞላ እስኪቃረብ ጸጉሯ ማበጠሪያ ሳይነካው በሻሽ ሥር እንደ ሉሉ ተቋጥሮ ከረመ። የከሚሴ ሙሽራ ተራ ጠብቃ እኔ ፊት ትቀመጣለች፤ ከጨፋ ሮቢት ድረስ በሚኒባስ እየመጡ ይሠራሉ። የወለደችኝ እናቴ ግን ራሷን አትሰጠኝም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉት እኔን ነው። ፈቃድ መከልከልሽንም እስካሁን አልነገርኳትም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ልመልስልሽ አልፈለግኩም ነበር። ዘዴውን ባሳይሽ ድመቷ ይበልጥ ትወድሻለች፣ ማዳምም ይበልጥ ትይዝሻለች ብዬ አንድ ሳምንት ዝም አልኩሽ። አሁን ግን ስሚኝ። የድመቷን ነገር የከብት ሐኪሙን ሙሀመድአሚንን ጠየቅኩት፤ ከት ብሎ ሳቀብኝ፣ ግን ነገረኝ። አጥበሻት ነበር አልሽ አይደል? ስህተቱ እሱ ነው። የተቋጠረ ጸጉር ሳይፈታ ውሃ ከነካው ይብስ ይጠብቃል። ቅባትም አትቀቢያት፣ ትልሰዋለች። መቀስ እንዳታስጠጊ፣ ቆዳዋ ስስ ነው። በልታ ጠግባ ድክም ሲላት ጠብቂያት። ቋጠሮውን ከቆዳዋ አጠገብ በሁለት ጣት ጠበቅ አድርገሽ ያዢው፣ እንዳይስባት። ከዚያ ከጫፉ ጀምረሽ በጣትሽ በትኚው፤ ሚዶው ኋላ ይምጣ። ጅራቷን ማወናጨፍ ስትጀምር ተዪያትና የቀረውን በማግስቱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሺ። የመጀመሪያውን ቋጠሮ አንቺ ፍቺው፣ ሁለተኛውን ግን የማዳምን እጅ ይዘሽ በእሷ ጣት አስፈቺያት። ሉሉ የእሷን እጅ ትልመድ። ያኔ ማን ይይዛታል የሚባል ነገር አይኖርም። ከባቲ ገበያ የገዛሁትን የእንጨት ሚዶ ከደብዳቤው ጋር ለጀሚል ሰጥቼዋለሁ። ለማዳም ስጪያትና ከእህቴ የተላከ ስጦታ ነው በያት።

ዘዴው እንደሚሠራ በምን አወቅሽ ትዪኝ ይሆናል። ባለፈው ሐሙስ እማ ከዙሁር ሶላት በኋላ መደቡ ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። ሻሿን ቀስ ብዬ ገለጥኩና ከጫፉ ጀመርኩ። አልነቃችም። ግማሹን እንደፈታሁ ዓይኗን ሳትገልጥ «ሱዓድ፣ መጣሽ?» አለችኝ። እንደዚያን ሰዓት ቀንቼብሽ አላውቅም። ‹ሪሀና ነኝ› ልል አፌን ከፈትኩና «አዎ፣ መጣሁ» አልኳት። ፈገግ ብላ ተኛች። ስትነቃ ራሷን ዳብሳ ሻሿን መልሳ አሰረች፤ እኔም ቡና ላፈላ ተነሣሁ።

ባለቤቴ ሲራጅ ሰላም ብሎሻል፤ ባጃጁን ቀለም ቀብቶ ሱዓድ መጥታ ካላየችው ይለኛል። ልጄ ትንሿ መሪየም በፎቶ እንጂ በአካል አታውቅሽምና አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው እያለች ትጠይቃለች። ሰዒዳም በሯ ላይ ሆና ሰላም በይልኝ ብላለች። እማ ዱዓዋ አይለይሽም። ጸጉሯን ፈትቼ ጨርሻለሁ፤ ከማጅራቷ በላይ ያለችውን አንዲት ቋጠሮ ግን ትቼልሻለሁ። እሷን አልነካም፤ ያንቺ ናት።

እህትሽ ሪሀና

ከሚሴ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.