ውሃ ያልገባሁበት ቀን

አባዬ፣

ከሄድክ ሦስት ዓመት ሊሞላህ ነው። አፈሩ ይቅለልህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንተ ወሬ ሳትሰማ ምርቃት አትወድም ነበርና ወደ ወሬው ልግባ።

አዳማ ነኝ፣ እቤት። የግቢውን በር እማዬ አረንጓዴ አስቀብታዋለች፤ ብትኖር በዚህ ቀለም ትጣሉ ነበር። መኪናህን የምታቆምበት ቦታ ላይ እህቴ ሃና ጎመን ተክላለች። ጡሩምባ ሲሰማ ግን እማዬ አሁንም ቀና ትላለች፤ ወደ ሞጆ የሚያልፍ ከባድ መኪና ሁሉ ያንተ ይመስላታል። እኔ ደክሞኛል አባዬ። ጆሮዬ ውስጥ ሁሌ ውሃ ያለ ይመስለኛል፣ ወገቤም እንዳንተው ማጉረምረም ጀምሯል።

ሥራዬ ያው ነው፤ ጅቡቲ ባሕር ውስጥ ፎቶ አንሺዎችን እየመራሁ መጥለቅ። ሶደሬ ገንዳ ውስጥ ሆዴን በመዳፍህ ደግፈህ ዋና ስታስተምረኝ፣ እንጀራው ይሆናል ብለህ አልነበረም። ክረምት ላይ በጭነት መኪናህ ወደ ጅቡቲ ይዘኸኝ የወረድክ ጊዜም ባሕሩ ውስጥ ስገባ አንተ ጫማዬን ይዘህ ዳር ቆምክ። ይህን ያህል ውሃ ተከማችቶ የማይጠጣ መሆኑ ነበር ያናደደህ። እኔ ግን ልቤ እዚያው ቀረ። ጀልባ አጠብኩ፣ የአየር ሲሊንደር ተሸከምኩ፣ ተምሬ ፈቃድ አወጣሁ።

እንግዶቹ ከጋቢናህ የሚረዝመውን፣ ሰው የማይነካውን ነጠብጣባም ሻርክ ፍለጋ ይመጣሉ። አንዳንዱ ደግሞ ጥፍር የምታክል ባለቀለም ቀንድ አውጣ አግኝቶ አየሩ እስኪያልቅ እሷን ፎቶ ያነሳል። እንስሳውን ፈልጌ በዘንግ አሳያለሁ፣ ሰውየው የረሳውን አየር እኔ እጠብቅለታለሁ። ጎበዝ ነህ ይሉኛል። አንተ አንድም ቀን ስሠራ ሳታየኝ ቀረህ።

ያን የሞትክበትን ቀን እማዬ መቃብርህ ላይ ነግራህ ይሆናል፤ ከእኔም ስማው። ሁለት ጊዜ ጠልቄ ከሰዓት በኋላ ስወጣ ጓደኛህ ጋሽ ተሾመ ዳር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጭነት ሊያነሱ መጥተው እዚያው ሳሉ ከቤት ተደውሎላቸው ነበር። መርዶ እንደው በመንገድ አይነገርምና፣ አባትህን ትንሽ አሞታል፣ የማታውን አውሮፕላን እንሳፈር አሉኝ። ጥልቅ ውሃ ውስጥ የዋለ ሰው ደግሞ በዚያው ቀን አውሮፕላን አይሳፈርም። ደሙ ውስጥ የታመቀው አየር ከፍ ሲል እንደተከፈተ ለስላሳ ይፈላል፤ ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። በመኪና ወደ ከፍታው መውጣትም ያው ነው። ነገ ማታ እመጣለሁ አልኳቸው። እህል ቅመስ፣ ትንሽ ጉረስ እያሉ ይለምኑኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። በማግስቱ ቀትር ላይ ቀበሩህ። እኔ የደረስኩት ለድንኳኑ ነው።

ለቀስተኛው የሰማው አንድ ነገር ነው፤ አባቱ ታሟል ሲባል ነገ አለ። ስለ አየሩ ለእማዬ ባስረዳትም ሰበብ የመሰላት ይመስል ፊቷን አዞረች። ጋሽ ተሾመ ቁርጡን ቢነግሩኝ ኖሮ ሞቴን ልሙት ብዬ እሳፈር ነበር ወይ? ስንቴ ራሴን ጠየቅኩ፤ መልሱን እስከ ዛሬ አላውቀውም። በእሳቸው አልፈርድም። እሳቸው የሚያውቁትን ወግ ጠበቁ፣ እኔም የማውቀውን።

ከዚያ ወዲህ እማዬ በየማታው ትደውላለች። አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልክ ብላ ትጀምርና፣ ዛሬ ውሃ ገባህ ወይ ትለኛለች። ገባሁ ካልኳት ደህና እደር ብላ ትዘጋዋለች። አልገባሁም ካልኳት ድምጿ ይፈታና የጎረቤቱን ሁሉ ወሬ ታወራኛለች። እኔ የምትወቅሰኝ መስሎኝ ይሄን ሁሉ ጊዜ እየተነጫነጭኩ ስመልስላት ኖርኩ። ባለፈው እሁድ ግን ሃና ነገረችኝ። እማዬ ማርያም ስትሳለም የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው አለችኝ፤ ጌታዬ፣ ልጄ ውሃ ባልገባበት ቀን ውሰደኝ።

ለካ ስለ አየሩ ያልኳትን አምናኝ ኖሯል፤ በዚያ ቀን ብትሞት ተሳፍሬ እንድቀብራት ነው። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ አባዬ፤ ቀብርህ ላይ ሳልደርስ ያላለቀስኩትን ጭምር።

እናት ሞቷን በልጇ የሥራ ቀን ልታስተካክል አይገባም። ሻርኮቹ ሲመለሱ እኔ እዚያ አልኖርም፤ ለአሠሪዎቼ ነግሬያቸዋለሁ። ባሕሩ ይናፍቀኛል፣ አልዋሽህም። ሶደሬ ልጆችን ዋና ላስተምር አስቤያለሁ። ያ መዳፍህ ሆዴ ላይ የነበረበትን ቦታ እስክሞት አልረሳውም፤ የማስተምረውን ልጅ ሁሉ እንደዚያው አድርጌ ነው የምይዘው።

ይህን ስጽፍ እማዬ ከጓዳ ሆና ያችኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ እዚሁ አጠገቧ መሆኔን ረስታ። አልገባሁም አልኳት። ከእንግዲህም አልገባም፣ ቀን መምረጡን ተይው አልኳት። ከጓዳ ብቅ ብላ፣ እንግዲያውስ አልቸኩልም አለች።

ልጅህ ዳዊት